መብራት ሲመጣ የሚወድቅ መጋረጃ

ማክሰኞ ጠዋትም ቤተኛ ትርንጎን የቀሰቀሳት እንደ ልማዱ በእውነት ነበር።

«እንደምን አደሩ። ሌሊቱን አሥራ አንድ ጊዜ ተገላብጠዋል። ሁለት ጊዜ አንኮራፍተዋል። ትናንት አለቃዎን ‹ደስ ይለኛል› ሲሏቸው ደስ አላለዎትም።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ትርንጎ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ስባ።

«ይህንንም ከልብዎ አላሉትም» አለ ቤተኛ።

ዘመኑ 2094 ዓ.ም. ነው፤ ከተማው ደሴ። ለግድግዳ ጆሮ አለው እያሉ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሽማግሌዎች፣ ግድግዳው ጆሮው አልበቃ ብሎት አፍ ሲያወጣ ለማየት በቅተዋል። በየሳሎኑ፣ ድሮ የሠርግ ፎቶግራፍ ይሰቀልበት በነበረው ቦታ፣ ቤተኛ የሚሉት ትሪ የሚያህል የቤት ኮምፒውተር ተሰቅሏል። በር ይከፍታል፣ ምድጃ ያበራል፣ የደም ግፊት ይለካል። ከዚያም ያየውን፣ የሰማውንና የለካውን ሁሉ ለሚመለከተው ሰው በአራት ደቂቃ ውስጥ ይናገራል። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሕግ ነው። የማወቅ መብት አዋጅ መግቢያው ላይ «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚለው ኋላ ቀር ብሂል ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል» ይላል። ተረትና ምሳሌ በአዋጅ ሲሻር ያ የመጀመሪያው መሆኑ ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል የሚባለውም ያኔውኑ ሥራ ፈታ፤ ሰው በባዶ ሆዱ ይጋለጥ ጀመር።

በተለይ እንግዳ መቀበል ጉድ ሆነ። እንግዳው «በቃኝ፣ ጠግቤያለሁ» ሲል ቤተኛ ከግድግዳው «አልጠገቡም» ይላል። ባለቤቷ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» ስትል «ወጡ የቀረው ለነገ ታስቦ ነው» ይላል። በዚህ የተነሣ የደሴ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ በየቤቱ መገባበዙን ትቶ መንገድ ላይ ቆሞ መሳሳምን መረጠ፤ መንገድ ላይ ያሉት ኮምፒውተሮች የሚናገሩት ስለ መኪና ብቻ ነውና።

መጋረጃ የተፈቀደው በኋላ ነው። መጋረጃ አንድን መልእክት ለአንድ ቀን ያህል ይዞ የሚያቆይ መተግበሪያ ሲሆን፣ የተፈቀደውም አዋጁ በወጣ በስድስተኛው ወር፣ የአዋጁ አርቃቂዎች ሚስቶች ቤተኛን ቁጭ ብለው ማድመጥ በጀመሩበት ሳምንት ነው። አጋጣሚ ነው ተባለ።

ትርንጎ ዕድሜዋ አርባ አራት ነው፤ የምትሠራው በከተማው የአቤቱታ መቀበያ ክፍል ነው። ሆጤ ሰፈር፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ከእናቷ ከእማማ በለጡ ጋር ትኖራለች። እማማ በለጡ ሠላሳ ዓመት የፍርድ ቤት ችሎት አስከባሪ ነበሩ፤ «ተነሡ!» ሲሉ ዳኛውም ጭምር ይነሣ ነበር ይባላል። ዛሬ ሰባ ስምንት ሞልቷቸው፣ ጉልበታቸው እምቢ ብሎ፣ ልባቸውም በመድኃኒት እየታገዘ፣ ከመስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ላይ ሆነው የሚያስከብሩት ቤተኛን ነው። ስሙን ጠርተውት አያውቁም። «አንተ አሳባቂ» ይሉታል፤ እሱም «አቤት» ይላል።

ከትርንጎ ሌላ አንድ ልጅ አላቸው፣ አራጋው የሚባል። አራጋው አፋር በረሃ ውስጥ፣ መብራቱ ለሦስት ጎረቤት አገሮች በሚሸጥ የፀሐይ ኃይል ማምረቻ፣ መስታወት አጣቢ ነበር።

ነበር የተባለው ከማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ጀምሮ ነው።

ስልኩን የደወለው የአራጋው የፈረቃ ኃላፊ ነበር። ትርንጎ ቢሮዋ ውስጥ የአንድ ሰውዬ አቤቱታ እያነበበች ሳለ ደወለና ስሟን ጠየቀ። ከዚያ «እኔም የወሎ ልጅ ነኝ፣ የላስታ» አለ። ምን ሊላት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት፤ ሰው አገሩን ሳይጠየቅ የሚናገረው ከባድ ነገር ሊያወርድ ሲል ነው።

«ሙቀት መታው፣ እህቴ። ውኃ አላደረሱለትም፤ እኛም አልደረስንለትም» አለ። «ሪፖርቱን ሳልልክ ለአንቺ ልንገርሽ ብዬ ነው። ከላክሁት በአራት ደቂቃ እናታችሁ ቤት ይነበባል። ሃያ ደቂቃ ላዘገየው እችላለሁ። ከዚያ በላይ የገዛ ቤተኛዬ ያሳብቅብኛል።»

ሃያ ደቂቃ። ትርንጎ ዳገቱን በአሥራ አራት፣ ደረጃውን በአምስት ደቂቃ ወጣችው። ሊፍቱ ቆሟል፤ ሊፍቱ ከቆመ ሦስት ዓመት ሆኖታል። እንዴት እንደሮጠች ከዚያ በኋላ ብትጠየቅም አታስታውስም። ወንድሟ ሞቷል፤ ከዚያ በፊት ግን መጋረጃ መጋረድ አለበት። ሐዘኗን ደረጃው ሥር እንደ ከባድ ዕቃ አስቀምጣ፣ ተመልሼ እወስደዋለሁ ብላ የወጣች ያህል ነበር።

ምክንያቱ ለማንም የአገር ሰው ግልጽ ነው፤ ለአዋጁ ብቻ ነው ያልገባው። መርዶ እንደ ዜና አይነበብም። የወለደች እናት የልጇን ሞት ብቻዋን፣ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች፣ «እንደምን ዋሉ» ከሚል ድምፅ አትሰማም። ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ደጋፊ በግራ በቀኝ ተዘጋጅቶ፣ ሽማግሌዎች ገብተው ነው የሚነገራት። ማታ አይነገራትም፤ ሌሊቱን ከጨለማ ጋር እንዳትታገል። ይኸን ያህል መላ የተጠና ነገር በ2094 ዓ.ም. «መረጃን በሕገ ወጥ መንገድ ማዘግየት» ይባላል።

ትርንጎ ገብታ አውራ ጣቷን ቤተኛ ላይ አሳረፈች። «መጋረጃ» አለች በሹክሹክታ። «ከእናቴ። እስከ ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት።»

«ተጋርዷል» አለ ቤተኛ። «ከዛሬው ሁለት ፈቃድዎ አንዱን ተጠቅመዋል።»

«ምነው፣ በደህና?» አሉ እማማ በለጡ ከመስኮቱ ሥር። «በሥራ ሰዓት?»

«አሞኝ ነው፣ እማዬ።»

«ሙቀታቸው ሠላሳ ስድስት ከግማሽ ነው» አለ ቤተኛ። «አላመማቸውም።» መጋረጃ የጋረደው መርዶውን እንጂ ውሸቱን አልነበረም።

እማማ በለጡ ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሷ አዩና «አንተ አሳባቂ፣ ልጄን ተዋት» አሉ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ትርንጎ ለጋሽ ይማም መልእክት ላከችላቸው። ጋሽ ይማም የእድሩ ሊቀ መንበር ናቸው፤ በአርባ ዓመት ውስጥ አንድም መርዶ አልተበላሸባቸውም። ከትርንጎ ጋር አልቅሰው ሳይጨርሱ ዕቅዱን አወጡ። ነገ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ስድስት ሽማግሌዎች ይገባሉ፤ ነርሷ ደረጃው ላይ ትቆማለች፤ ድንኳኑ ቀድሞ አይተከልም። «አብሽሪ፣ አንቺ ብቻ ያንን ሣጥን አፉን ይዘሽ አሳድሪው» ብለው ጻፉላት።

ችግሩ የመጣው ሰባት ሰዓት ላይ፣ መብራት ሲጠፋ ነው። አራጋው ሲያጥበው የኖረው መስታወት ያን ሰዓትም ለሦስት አገሮች እያበራ ነበር፤ የእናቱ ቤት ግን ወረፋ ላይ ነው። የሆጤ ሰው መብራት ሲጠፋ አይናደድም፤ ቤተኛ አብሮ ስለሚጠፋ ባልና ሚስት የሚጨዋወቱት ያኔ ነው። ትርንጎም ደስ አላት። ባይመጣ ምን ነበረበት ብላ አሰበች፤ ነገር ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ቤተኛ የጠፋበት ቤት አምቡላንስ ይላክበታል፤ የአምቡላንስ ሠራተኞች ደግሞ በአዋጁ የማሉ ናቸው።

በአርባኛው ደቂቃ መብራቱ መጣ። ቤተኛ ተነሣ። ጉሮሮውን እንደሚጠራርግ ሰው ትንሽ ተንደቀደቀና ለአሥር ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ ራሱን ሰበሰበ። ትርንጎ ቂጣና ማር አቅርባ እናቷን ልታበላ ስትቀመጥ እንዲህ አለ፦

«እንደምን ዋሉ። ሁለት የተያዙ መልእክቶች አሉ። አንደኛ፤ ከሁለተኛው ጋር አብሮ የተጋረደ፤ ትርንጎ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሦስት ጊዜ አልቅሰዋል። ሁለተኛ...»

ትርንጎ ከወንበሯ የተነሣችው ሳህኑን ገልብጣ ነው። አውራ ጣቷ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ቤተኛ «ከአፋር የደረሰ» ብሎ ነበር።

«ተጋርዷል» አለ። «የዛሬው ሁለት ፈቃድዎ አልቋል።»

ማሩ ወለሉ ላይ እየፈሰሰ ነው። እማማ በለጡ እሱን ያያሉ።

«ለምን አለቀስሽ?»

«ሽንኩርት ነው፣ እማዬ።»

«ቂጣ ነው የጋገርሽው» አሉ እናቷ።

ትርንጎ መጸዳጃ ቤት ገባችና በሩን ቆለፈች። አዋጁ ለሰው ልጅ ክብር ሲል ከቤተኛ ነጻ ያደረገው ብቸኛው ክፍል እሱ ነው። ለዚህም ነው በ2094 ዓ.ም. የሚሠሩ ቤቶች መጸዳጃቸው ከሳሎናቸው የሚሰፋው። ክዳኑ ላይ ተቀመጠችና ወደ መጋረጃ የእርዳታ መስመር ደወለች። ሃያ ሁለተኛ ነዎት ተባለች። እሷ ራሷ ቢሮዋ ውስጥ በየቀኑ ለሰው የምታሰማው ሙዚቃ ተለቀቀላት፤ ያን ሁሉ ዓመት እንዲህ ቀፋፊ መሆኑን አታውቅም ነበር።

«ታምራት እባላለሁ፣ ከጅማ። ምን ልርዳዎት?»

«መጋረጃዬ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ይወድቃል። ኮምፒውተሩ ይነሣል፣ መጋረጃው አብሮ አይነሣም።»

«ገባኝ። እባክዎ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያብሩት።»

«የሚወድቀው እኮ ሲጠፋና ሲበራ ነው።»

«ገባኝ። እንግዲያው ሳይጠፋ ያብሩት።»

ታምራትም የገዛ አፉ ያወጣውን የሰማ ይመስላል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይቅርታ፣ እሱ ወረቀቱ ላይ ያለ ነው» አለ። ቁልፍ ሲነካካ ተሰማት። «አሁን አየሁት። ባለፈው ወር አፕዴት ላይ ‹ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይነሣ› የምትለዋ ምልክት በሁሉም ቤት ተሰርዛለች። ስሕተት አይደለም፤ ማሻሻያ ነው። ኮምፒውተር በተነሣ ቁጥር እንደ አዲስ እንደተወለደ ስለሚቆጠር የድሮው ምስጢር አይመለከተውም።»

«ምልክቷን መልስልኝ።»

«ቀላል ነው። የቤቱ ነዋሪዎች በሙሉ በድምፃቸው መስማማት ብቻ ነው ያለባቸው።»

«ሁለት ነን። አንዷ የምደብቅባት ናት።»

«ስለዚያ ቅጹ ምንም አይልም» አለ ታምራት። «የዛሬው ፈቃድዎም አልቋል። አሁን አንዴ ቢጠፋ መጋረጃው የሚመለሰው የሚደበቅባቸው ሰው ራሳቸው ሲፈቅዱ ነው። ይቅርታ፣ መዝገቡ ላይ መሙላት ስላለብኝ ነው፤ የሚደበቅባቸው ሰው ማን ናቸው?»

«እናቴ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት።»

ቁልፍ መነካካቱ ቆመ። ጅማም ቢሆን አገር ነው።

«እኔን» አለ ታምራት። «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እህቴ። ማን ነው?»

«ወንድሜ» አለች ትርንጎ። ቃሉን ጮክ ብላ ስታወጣው የመጀመሪያዋ ነበር። በፎጣ አፏን ይዛ አለቀሰች፤ ታምራት ጅማ ሆኖ ጠበቃት። በእርዳታ መስመሩ ደንብ መሠረት ለአንድ ደንበኛ የተፈቀደው ስድስት ደቂቃ ነው፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ሰጣት፤ ማታ ቤቱ ሲገባ የገዛ ቤተኛው ሳይነግርበት አይቀርም።

«ስሚኝ» አለ በመጨረሻ። «ወረቀቱ ላይ የለም እንጂ አንድ መላ አለ። ኮምፒውተሩ ጭራሹኑ እንዳይጠፋ አድርጊ። ትልቅ ባትሪ ፈልጊና ከግድግዳው ሳትነቅዪው ከሱ ጋር አገናኚው። መብራቱ ቢሄድ ቢመጣ እሱ አያውቅም።»

ሆጤ ውስጥ ይህን የሚችል ባትሪ ያለው አንድ አካል ብቻ ነው፤ እድሩ። እድሩ ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ሁለት መቶ ሳህን አለው፤ ለሐዘንተኛ ቤት ሌሊት የሚያበራ የፍየል ግልገል የሚያህል ባትሪም አለው። ባትሪው አረንጓዴ ሆኖ በነጭ ቀለም «የእድር ንብረት» ተብሎ አራቱም ጎኑ ላይ ተጽፎበታል። የሆጤ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ያ ባትሪ ደጃፉን የረገጠው ቤት ሰው ሞቶበታል፤ ከዚህ ሌላ ሥራ ኖሮት አያውቅም።

ይህን ጋሽ ይማም አሳምረው ያውቃሉ። ስለዚህ ትርንጎ ባትሪውን ስትለምናቸው ተጠንቅቀው በጋቢ ጠቀለሉት።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ አራት ጎልማሶች በጋቢ የተጠቀለለ ነገር በቃሬዛ ተሸክመው የዘጠኝ ፎቅ ደረጃ መውጣት ጀመሩ። ጋሽ ይማም ከፊት ሆነው «ቀስ፣ ቀስ» ይላሉ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቁማር የሚጫወቱ ወጣቶች ተነሥተው ኮፍያቸውን አወለቁ። አምስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ሴትዮ ማን እንደሆነ ሳትጠይቅ ደረቷን መታች። ሰባተኛው ላይ ደግሞ ሸክሙ ዕረፍት ፈልጎ ቁጭ ሲል፣ ሁለት ሰዎች ከጎኑ ተቀምጠው ቆዩ። ጠቅላላ ሕንፃው መርዶ እንደተደበቀ ዐውቆ በአንድነት ይደብቅ ጀመር። ሸክሙ ዘጠነኛ ፎቅ እስኪደርስ የእማማ በለጡ በር ሰባት ጊዜ ተንኳኳ፤ አንዷ ጨው ልትበደር መጣች፣ አንዷ ያልተበደረችውን ጨው ልትመልስ። ሁሉም ሲወጡ የእማማ በለጡን ትከሻ ደጋግመው ይስማሉ።

«ደግሞ ዛሬ ምን ነክቷቸው ነው?» አሉ እማማ በለጡ።

«ናፍቀውሽ ነው» አለች ትርንጎ።

«ሦስቱ ትናንት መጥተው ነበር» አለ ቤተኛ።

ሸክሙ በሩ ላይ ደረሰ። እማማ በለጡ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሥተው ጠበቁት።

«ምንድን ነው ይማም?»

«ማቀዝቀዣ ነው፣ እትዬ በለጡ። ስጦታ» አሉ ጋሽ ይማም። አርባ ዓመት መርዶ ሲመሩ ኖረው ውሸት አልለመዱም፤ ላባቸው በጆሮ ግንዳቸው ይወርዳል።

«ማቀዝቀዣ? ደሴ? በኅዳር?»

«ማቀዝቀዣ አይደለም» አለ ቤተኛ።

ጎልማሶቹ ሸክሙን በጠባቡ በር ሲያጠማዝዙ ጋቢው በር መቀርቀሪያው ላይ ተያዘ። ተንሸራተተ። የእድር ንብረት የሚለው ጽሑፍ ለአንድ አፍታ፣ ለንባብ በሚበቃ አፍታ፣ ታየ። ትርንጎ ዘላ ሸፈነችው። ቀና ስትል እናቷ እሷን ሳይሆን በሩን እያዩ ነበር።

«ጠባብ በር ነው» አሉ እማማ በለጡ። «ቀስ ብላችሁ አስገቡት፣ እጃችሁን እንዳይመታችሁ።» ሄደው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

ትርንጎ እናቷ አይተው እንደሆነ፣ አይተውም ገብቷቸው እንደሆነ ልትለይ አልቻለችም። አንድ ሌሊት ብቻ ነው፤ አንድ ሌሊት ይህች ሴት በሰላም ትተኛ። ጎልማሶቹን ወደ ደረጃው ሸኝታ፣ ታምራት የነገራትን ለጋሽ ይማም ልታስረዳ ወደ ሳሎኑ ስትመለስ፣ ጋሽ ይማም ማስረዳቱን አልጠበቁም ነበር። ቀኑን ሙሉ በእጃቸው የሚሠሩት ነገር ፈልገው አጥተዋል። ተንበርክከው የቤተኛን ገመድ ከግድግዳው ሶኬት ነቀሉት፤ ባትሪው ላይ ሊሰኩት።

«አይንቀሉት!» አለች ትርንጎ።

«አብሽሪ፣ አገኘሁት» አሉ ጋሽ ይማም። ገመዱን ባትሪው ላይ ሰኩት። ኮራ ብለው ተነሡ። አርባ ዓመት አንድም መርዶ ያልተበላሸባቸው ሰው ምን እንዳደረጉ የተረዱት የትርንጎን ፊት ሲያዩ ነው።

ቤተኛ ጠፋ። ቤተኛ በራ። አሥሩ ደቂቃ ተጀመረ።

በእነዚያ አሥር ደቂቃዎች ውስጥ ትርንጎ አውራ ጣቷን ግድግዳው ላይ ሃያ ጊዜ ያህል አሳረፈች። ሌላ ጣት ሞከረች። ገመዱን መልሳ ልትነቅለው አሰበችና የባትሪው መሰኪያ አልላቀቅ አለ፤ እድሩ ንብረቱ እንዳይሰረቅ በቁልፍ የሚያዝ አስገጥሞለታል፤ ቁልፉም ድንኳኑ ያለበት መጋዘን ውስጥ ነው። ጋሽ ይማም «እኔን ይንቀለኝ» ይላሉ። እማማ በለጡ ከመስኮቱ ሥር ሆነው ሁለቱን ያያሉ። ችሎት ፊት እንደዚህ የሚርበተበት ሰው ብዙ አይተዋል።

«እንደምን ዋሉ» አለ ቤተኛ። «ወይዘሮ በለጡ፣ እርስዎን የሚመለከት አንድ መልእክት አለ። ልጅዎ ትርንጎ እስከ ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ እንዳይሰሙት ጠይቀዋል። የዛሬ ፈቃዳቸው ስላለቀ የእርስዎ ፈቃድ ያስፈልጋል። መልእክቱን አሁኑኑ የመስማት መብት አለዎት። ላንብብልዎ ወይስ ይጋረድብዎ?»

ትርንጎ እናቷ እግር ሥር ወደቀች። «እማዬ...» አለች።

እማማ በለጡ እጃቸውን ልጃቸው ራስ ላይ አደረጉ።

«ሰዓቱን ድገምልኝ» አሉት ቤተኛን።

«ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት።»

እማማ በለጡ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት የሚቆይ የምሥራች የለም። እሳቸውም ስንት በር ላይ በዚያ ሰዓት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመው ያውቃሉ። ሁለት ልጆች ናቸው ያሏቸው፤ አንዷ ጉልበታቸውን ታቅፋለች። ለመቁጠር ኮምፒውተር አያስፈልግም።

ፊታቸው ላይ አንድ ነገር መጥቶ ሄደ። ትርንጎ አየችው፤ ዕድሜ ልኳን ትረሳዋለች ተብሎ አይታሰብም። ከዚያ እማማ በለጡ ምርኩዛቸውን ጨብጠው፣ ጀርባቸውን አቃንተው፣ ችሎት ያስከብሩበት በነበረው ድምፅ ተናገሩ።

«ጋርደው።»

«ምክንያት?» አለ ቤተኛ። «ምክንያት ሳይሞላ አይጋረድም።»

«እስከዚያ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ብለህ ጻፍ።»

ትርንጎ ዐይኗን ጨፈነች። ያ ሣጥን አንድ ውሸት ሰምቶ ዝም ብሎ አያውቅም። ስለ ወጥ ዝም አላለም፣ ስለ ሕመሟ ዝም አላለም፤ አሁን «ይህ ትክክል አይደለም» ይላል፤ ከዚያ ቁጥሩን ያርማል።

«ይህ...» አለ ቤተኛ።

ጋሽ ይማም ጆሯቸውን ያዙ።

«ይህ ተመዝግቧል» አለ ቤተኛ። «ተጋርዷል።»

መብራቱ ያን ጊዜ እንደገና ጠፋ። የሆጤ መስኮቶች በሙሉ ጨለሙ፤ የእማማ በለጡ ሳሎን ውስጥ ግን ቤተኛ ከእድሩ ባትሪ ጋር በሰላም ይበራል፤ አፉን ዘግቶ። ጋሽ ይማም ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይንሰቀሰቁ ጀመር።

«ይማም» አሉ እማማ በለጡ። «ወደ ቤትህ ሂድ። ነገ ስትመጣ ፊትህን ታጥበህ ና። ሰው አታብዛ፤ ሊፍቱ አይሠራም፣ ሽማግሌዎቹን ትገድላቸዋለህ።»

«እሺ፣ እትዬ» አሉ ጋሽ ይማም። በሩን ሲከፍቱ ደረጃው ላይ ተደርድሮ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። እማማ በለጡ ራት አምጪ አሉ። ትርንጎ ቀኑን ሙሉ ማንም ያልነካውን ወጥ አሙቃ አቀረበች፤ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ አጎረሰቻቸው። ቀስ ብለው አላመጡ፤ ዋጡ። ከዚያ በተራቸው ጠቅልለው እጃቸውን ዘረጉ፤ ትርንጎ ግን አፏን መክፈት አቃታት፤ እንባዋ በአገጯ ይወርዳል።

«ምን ሆነሽ ነው?» አሉ እማማ በለጡ፣ ጉርሻውን አፏ ላይ እንደያዙ። «እስከ ነገ ምን የሚያስለቅስ ነገር አለ? እኔ የሰማሁት የለም። በይ፣ አፍሽን ክፈቺ።»